ቤቴን ያለ ደላላ ስሸጥ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን። እኔ ንፉግ አይደለሁም። ባለቤቴ አስካለ «ነህ እንጂ» ትላለች፤ የሚስት ምስክርነት ግን አይያዝም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ቁራጭ ጨርቅ አይጥልም፣ መንገድ ላይ የወደቀ ቁልፍ አይቶ አያልፍም፣ ክር ሲተርፈው መልሶ ይጠቀልላል። ይኼ ቁጠባ ይባላል። ደላላ ሳልይዝ ቤቴን ልሸጥ የተነሣሁትም በዚሁ በቁጠባዬ ነው እንጂ የቀየት ሰው እንደሚያወራው አእምሮዬን ስቼ አይደለም።

ነገሩ የተነሣው ከአስካለ ጉልበት ነው። ቀየትን ለማታውቁ፣ መንዝ ውስጥ ያለች፣ ብርዷ ከሰው ቀድሞ የሚነሣ ከተማ ናት። ጠዋት ፊትህን ልትታጠብ ስትል መጀመሪያ በጭልፋ በረዶውን ትሰብራለህ። እንግዳ ሲመጣብን ሰላምታው ቀርቶ «ኧረ ይግቡ፣ ይዝጉት!» እንላለን። በዚህ ብርድ ሠላሳ ዓመት የኖረችው አስካለ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጉልበቷ እምቢ አላት። ስትቀመጥ «ወይኔ»፣ ስትነሣ «ወይ እናቴ» ሆነ ኑሮዋ። ሐኪም ዘንድ ብንሄድ ጉልበቷን ነካ ነካ አደረገና «እናት፣ ክኒኑን እሰጥዎታለሁ፤ ዋናው መድኃኒት ግን ሞቅ ያለ አገር ነው» አላት።

ሞቅ ያለ አገር ስንፈልግ ዓለም ከተማ ላይ ቤት አገኘን። ሁለት ክፍል ነው፣ ግቢው ውስጥ ሎሚ አለ፣ ገበያው ቅርብ ነው። ባለቤትየዋ አንዲት መበለት ናቸው። «እስከ ኅዳር ሚካኤል እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ልጄ ዘንድ ስለምሄድ ቀድሞ ለመጣ እሰጠዋለሁ» አሉን። ጊዜው የጥቅምት መባቻ ነበር። እኛ ደግሞ ከቀየቱ ቤት በቀር ሌላ ጥሪት የለንም። እሱ ከተሸጠ እንገዛለን፤ ካልተሸጠ የአስካለ ጉልበት እዚያው ብርዱ ላይ ይከርማል። ሒሳቡ ይኼው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እዚህ ላይ ነው በለጠ የሚመጣው። በለጠ የቀየት ደላላ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ዝናብም ሆነ ፀሐይ ጃንጥላ አይለየውም። በሬ ያሻሽጣል፣ ቤት ያከራያል፣ ሠራተኛ ያስቀጥራል፤ ሁለት ትዳርም አቁሟል ይባላል፣ አንዱ እስከ ዛሬ አልፈረሰም። ዋጋውን ስጠይቀው «ሁለት ከመቶ» አለኝ።

«ምን ሠርተህ?» አልኩት። «ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ። ግድግዳውን የካብኩት እኔ። ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ። አንተ እኮ አውራ ጣቴን ስመታ እንኳ አልነበርክም!»

«ጋሼ፣ መርፌ በየቤቱ አለ» አለኝ ሽንብራ እየቆረጠመ። «ታዲያ ሰው ለምንድን ነው ሱሪውን እርስዎ ዘንድ የሚያመጣው?»

«መርፌና ምላስ አንድ ነው?»

«እሱማ አይደለም» አለና ጃንጥላውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። ልብ በሉ፣ አልተቆጣም። ደላላ የማይቆጣው ተመልሰህ እንደምትመጣ ስለሚያውቅ ነው።

እቤት ገብቼ ያረጀ ቆርቆሮ አነሣሁና በቀይ ቀለም «የሚሸጥ ቤት፣ ያለ ደላላ» ብዬ ጻፍኩ። ቦታ ስለተረፈኝ፣ ባዶ ቦታ ደግሞ መጣል ስለማልወድ፣ ከሥሩ «ደላላ ድርሽ እንዳይል» ጨመርኩበት። አጥሩ ላይ ሰቀልኩና ገዥ መጠበቅ ጀመርኩ።

በማግስቱ የመጡት ገዥዎች አይደሉም፤ ሽማግሌዎች ናቸው። ፊተኛው ጋሽ ደምሴ፣ ጎረቤቴና የእድራችን ዳኛ፤ ከኋላቸው ሁለት አዛውንት፣ ሦስቱም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ለካ በእኛ አገር ጨዋ ሰው ቤቱን የሚሸጠው በሹክሹክታ ነው። ደላላው ለአንዱ ጆሮ፣ ያም ለሌላው ጆሮ ይነግራል፤ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አልሰማሁም ይላል። በቀይ ቀለም ጽፎ የሚሰቅል ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ ንብረት ሊካፈል የቸኮለ ብቻ ነው።

«ልታስታርቁን መጣችሁ?» አልኩ ደንግጬ። «አልተጣላንም እኮ!»

«የተጣላ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ እየተቀመጡ።

«የምንሄደው አብረን ነው! ዓለም ከተማ!»

«ደኅና። አሁን አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር። አስካለ፣ ምን በደለሽ?»

«ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ ምንም» አለች አስካለ። እግዜር ይስጣትና በዚህ ብታቆም ጥሩ ነበር። ግን ሽማግሌ ደረቁን አይሸኝምና ጠላ ቀዳች፤ ለራሷም በትንሽ ብርጭቆ ቀዳች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚባለው እውነት ነው። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ «እንዲያው ካነሣችሁት አይቀር…» ብላ ጀመረች።

ወገኖቼ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬ ስኖር ያልሰማሁትን ያን ቀን ሰማሁ። ለሠርጓ የሰፋሁላትን ቀሚስ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም፤ ጠርዙ በስፒል እንደተያዘ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሳስነጥስ «ይማርህ» ስትለኝ «ያኑርሽ» አልልም። በመጨረሻ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጉልበቴን አመመኝ ስለው ‹ነገ ይሻልሻል› ይለኛል። ለደንበኛ ‹ነገ ይደርሳል› እንደሚለው። ሦስት ዓመቱ፣ ያ ነገ አልመጣም።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ።

ፍርዱ አልዘገየም። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ለዕርቁም በግ እንዳርድ ተወሰነ። በጉን የጨመሩት «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው ነው፤ ከሕጉ ይልቅ ከብርዱ የመጣ አንቀጽ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የታመመውን ጉልበት ሳምኩ፤ «ቀስ! ያመኛል!» አለችኝ። እንዲህ አድርገን ሳንጣላ ታረቅን።

የበጉ ሽታ ከማስታወቂያው ይልቅ ርቆ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቤቱን ልናይ» የሚለው ሰው እንደ ንግሥ ጎረፈ። ቤት አይቶ ደግሞ ደርቆ የሚሄድ እንግዳ በመንዝ ታሪክ የለም። አንዱ ገብቶ ግድግዳውን በጡጫ መታ መታ አደረገና «ወፍራም ነው» ብሎ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። አንዷ ወይዘሮ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ሳታይ በቀጥታ ወደ አስካለ ቁም ሳጥን ሄደች፤ ውስጡ ያለውን ለማወቅ አሥር ዓመት ስትመኝ እንደኖረች ስትወጣ ራሷ ነገረችን። አንድ ሽማግሌ ምድጃው ዳር ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸውና ሲነቁ «እንደው ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። አስካለ ትነሣለች፣ ትቀዳለች፣ ትቀመጣለች፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ደግሞ ትነሣለች። ዋጋ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

እኔም በበኩሌ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር፤ ሥራዬ ደግሞ መዋሸት ነው። በልብስ ስፌት የተለማመድኩት ነገር ስለሆነ አልከበደኝም። «ያፈሳል?» ሲሉኝ «ጠብታ አያውቅም» እላለሁ። በጥቅምት ማን ዝናብ አምጥቶ ሊፈትነኝ? «ነፋስስ?» ሲሉኝ «ምን ነፋስ?» እያልኩ በሰሜኑ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የጠቀጠቅሁትን ቁራጭ ጨርቅ በጀርባዬ እሸፍናለሁ። ቀን ሙሉ ስንጥቁ ላይ ተለጥፌ ከመዋሌ የተነሣ አንዱ «ወገብህን ያምሃል እንዴ?» አለኝ።

ጥቅምት ሲያልቅ እውነተኛው ገዥ መጣ። ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። ከቆላ ከተሞች ጨርቃ ጨርቅ እያመጡ የሚነግዱ፣ ለእኔ ሱቅ ክርና ገበር የሚያቀርቡ፣ ቃላቸው እንደ ወርቅ የተመዘነ ሰው ናቸው። ጠላ ስለማይጠጡ አስካለ ብርዝ አቀረበች። ዞር ዞር ብለው አዩና «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ነው። ስንት ይላሉ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ቀን ጠበቅሁት! ግን አፌን ስከፍት ዋጋው አልወጣም። እኚህን የመሰለ ሰው፣ አሥራ አምስት ዓመት በዱቤ ክር የሰጡኝን፣ እንዴት ብዬ ዋጋ እጠራባቸዋለሁ?

«እርስዎ የፈቀዱትን» አልኩ።

«ኧረ ወላሂ አይሆንም። ባለቤቱ ነው የሚጠራ።»

«እርስዎ እያሉ እኔ አልቀድምም።»

«እኔማ ብጠራ አሳንሼ አስቀይምዎታለሁ።»

«ቢያሳንሱም ከእርስዎ እጅ በረከት ነው።»

«ብቻ እርስዎ እንዳይጎዱ።»

«እኔማ ለእርስዎ እንዲያውም…» ብዬ «በነፃ ይውሰዱት» ልል ስል አስካለ ከኋላዬ በማማሰያ ጀርባዬን ነካችኝ። እንዲህ ስንከባበር ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ሐጂ እንድሪስ ተነሡና «ወንድሜ፣ በመካከላችን አንድ ሰው ካልገባ እኔና እርስዎ ስንከባበር እናረጃለን። የምናምነው ሰው ይዤ እመለሳለሁ» አሉኝ። እኔም ግሩም ነው አልኩ፤ ደላላ አይሁን እንጂ ማንም ይሁን።

ይዘው የመጡት መምሬ ወልዴን ነው። መምሬ ወልዴ ደግሞ የነፍስ አባቴ ናቸው።

ሐጂና መምሬ የልጅነት ወዳጆች ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ በዓል ሳይልክ አይውልም። ስለዚህ ምርጫው የሚያስገርም አይደለም። ግን በር ላይ መስቀላቸውን ይዘው ሳያቸው ከስንጥቁ ላይ ተላቅቄ ተነሣሁ። ተሳለምኩ። ተቀመጡ። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ያፈሳል?»

ለገዥ ይዋሻል። ለቀረጥ ሰብሳቢ ይዋሻል። ለሚስትም እንደ ሁኔታው ነው። ለነፍስ አባት ግን እንዴት ተደርጎ?

«ያፈሳል አባቴ» አልኩ። «ሦስት ቦታ። ነሐሴ ላይ አልጋው ሥር ሳፋ፣ ሳጥኑ ላይ ድስት፣ እኔ ላይ ባርኔጣ እናደርጋለን።»

በዚህ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ኑዛዜ እንደ ሹራብ ነው፤ አንድ ክር ሲመዘዝ ሌላው ይከተላል። የሰሜኑን ግድግዳ ስንጥቅ ተናዘዝኩ፤ ጨርቁንም መዝዤ አሳየሁ፣ ነፋሱም ወዲያው ገብቶ መሰከረብኝ። «ነገ ይደርሳል» እያልኩ ያዘገየሁትን ሱሪ ሁሉ ተናዘዝኩ። ከዚያ፣ ማን አስገደደኝ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጋሽ ደምሴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ሳለ አጥሬን አንድ ክንድ ወደ እሳቸው ግቢ መግፋቴን ተናዘዝኩ። ሐጂ እንድሪስ «እኔ ይህን መስማት የለብኝም» ብለው ጆሯቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ።

መምሬ ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ የጠየቅሁህ ጣሪያውን ብቻ ነው።»

ከተናዘዙ አይቀር ቀኖናም አለና ተቀበልኩ። አርባ ስግደት፤ አጥሩን ወደ ቦታው መመለስ፤ ሦስተኛውና ክፉው ደግሞ ይህ ነበር፦ «በውሸት የጀመርከው ሽያጭ ስለሆነ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ስለዚህ ቤት ሐሰት ሲነገር ጆሮህ ከሰማ ወዲያው እውነቱን ተናገር። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

ስግደቱን ሰገድኩ። አጥሩንም ነቅዬ አንድ ክንድ መለስኩ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲያዩ ይመርቁኛል ብዬ ስጠብቅ በንዴት ጠቆሩ። «አሥራ አንድ ዓመት አውቄ ዝም ያልኩትን አንተ አሁን ታወጣዋለህ? የእድር ዳኛ ሆኖ መሬቱን ሲቀማ አላየም ልታሰኘኝ ነው?» አሉና በማግስቱ ረፋድ ላይ ራሳቸው አጥሩን ወደ ነበረበት መለሱት። እኔም ቀኖናዬ እንዳይፈርስ እንደገና ነቀልኩ። እሳቸው እንደገና ተከሉ። ያ አጥር በዚያ ሳምንት ከእኔ ይልቅ ብዙ መንገድ ሄዷል። ኋላ መምሬ ገብተው ግማሽ ክንድ ላይ አስቆሙት።

ሐጂ ግን አልተመለሱም። ጨዋ ሰው ናቸውና ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ዋጋ ቢቀንሱ በሰው ኃጢአት የተጠቀሙ እንዳይመስልባቸው ፈሩ። ኅዳር ገባ። ሚካኤል ሊደርስ ሦስት ቀን ቀረው።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ እንግዳ «ቤቱን ልይ» ብሎ ገባና እንደ ልማዴ «አስካለ፣ እስቲ ቅጂለት» አልኩ። ዞር ስል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ አብጦ እንደ ዱባ ድቡልቡል ብሏል። አልጮኸችም። «እንኳን ልነሣ፣ ልዘረጋውም አልቻልኩ» አለችኝ፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር።

እንግዳውን ሸኘሁት። ደረቁን። በመንዝ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወር ሙሉ ስንት ሰው ገባ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ጊዜ ተነሣች፣ ስንት ጊዜ ተቀመጠች? ለበለጠ ሁለት ከመቶ አልሰጥም ያልኩ ሰውዬ፣ የደላላውን ድካም በእሷ ጉልበት ላይ ጭኜው ኖሬያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ማስታወቂያውን ነቅዬ ብብቴ ሥር ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። በለጠ ድንጋዩ ላይ ነበር። አልሳቀብኝም።

«ስንት ሰው አየው?» አለኝ።

«አገር አየው።»

«ስንቱ ጠጣ?»

«አገር ጠጣ።»

«ስንቱ ዋጋ ጠየቀ?»

«አንድ። እሳቸውም ሸሹ።»

«ሦስት ከመቶ ነው» አለ በለጠ።

«ሁለት ነበር ያልከኝ!»

«ሁለቱ ለቤቱ። አንዱ እርስዎ ላበላሹት።»

እሺ አልኩ። ቁጠባም እኮ ልክ አለው።

በለጠ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ እንድሪስንም መምሬ ወልዴንም አግባብቶ ይዟቸው መጣ። እንዴት አድርጎ እንዳመጣቸው አልጠየቅሁም፤ ሦስት ከመቶው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ያደረገው እኔንና አስካለን ከቤት ማስወጣት ነበር። «ባለቤት ባለበት ቤት አይሸጥም» አለ። አስካለን ደግፌ አወጣኋትና ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ ጋቢዬን ደርቤላት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ስንጥቁ ከአጠገባችን ነበር፤ ጨርቁም የለ፣ የውስጡ ድምፅ ሁሉ ይሰማል።

«ይህን ጣሪያ ይመልከቱልኝ ሐጂ» አለ በለጠ። «ሃያ ክረምት ሲወርድበት አንዲት ጠብታ…»

ቀኖናዬ ትዝ አለኝ። አፌን በስንጥቁ ላይ ገጥሜ «ያፈሳል! ሦስት ቦታ!» ብዬ ጮኽኩ።

በለጠ ጉሮሮውን ጠረገ። «ግድግዳው ደግሞ ነፋስ የማያውቅ…»

«የምጮኸው በየት ይመስልሃል?»

«ጎረቤቱስ ቢሆን፣ ሰላማዊ፣ አጥሩ የማይነካ…»

«ሳምንቱን ሙሉ ስንነቅል ከረምን!»

በለጠ በመስኮት ብቅ አለ። ላብ በላብ ሆኗል። «ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ እርስዎ ለማን ነው የሚሠሩት?» አለኝ። ከውስጥ የመምሬ ድምፅ «ተወው ልጄ፣ ቀኖናው ነው» ሲል ሰማሁ። ሐጂ እንድሪስ ደግሞ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯቸው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላሉ። አስካለ ጉልበቷን ይዛ ትስቃለች፤ ስትስቅ ያማታል፣ ሲያማት ደግሞ ይብስ ትስቃለች።

ሐጂ ሳቃቸውን ሲጨርሱ «በለጠ፣ አንተም አትድከም፣ እሳቸውም ጉሮሯቸው ይብቃው» አሉ። «ጣሪያው ቢያፈስ ባያፈስ እኔን ምን ገዶኝ? ቤቱን አፈርሰዋለሁ እኮ። ለገበያው ቅርብ ስለሆነ መደብር ልሠራበት ነው የፈለግሁት።»

አፈርሰዋለሁ።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ብቻ መካከላቸው ቆሜ ራሴን አገኘሁት። «ማን ነው የሚያፈርሰው? ይህን ቤት?» አልኩ። ወር ሙሉ ስዋሽለት፣ ኋላም ነውሩን ስናዘዝበት የኖርኩትን ቤት! «ሐጂ፣ ይህን የማዕዘን ድንጋይ ከገደል አፋፍ በትከሻዬ ነው ያወጣሁት። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው እዚህ ጋ ነው። ይህ ግድግዳ ስንት ክረምት ቆሟል! አንድ ቀን አልተንቀጠቀጠም!» መምሬ ቀና ብለው አዩኝ። «እውነት ነው አባቴ፣ አሁን አልዋሸሁም! አልሸጥም! የሚያፈርስ ከሆነ አልሸጥም!» በለጠ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጃንጥላውን ዘረጋ። ቤት ውስጥ።

«አንተ!»

አስካለ ናት፣ ከውጭ። በስንጥቁ ነው የምትጠራኝ።

«ና አንሣኝ።»

ወጣሁ። በርጩማው ላይ እንዳለች ልትነሣ ሞክራ ከግማሽ ቀርታለች፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ሌላውን ወደ እኔ ዘርግታለች። ያዝኳት። ሳብኳት፣ አልተነሣችም። እንደገና ሳብኳት። ያች በሠርጓ ቀን ከእኔ ቀድማ ዳገት የወጣች ልጅ ክብደቷን ሁሉ እጄ ላይ ጣለችው። ፊቴን ትክ ብላ አየችው እንጂ አልተቆጣችም።

«ወይስ ግድግዳህ ያንሣኝ?» አለችኝ።

ሐጂም መምሬም በለጠም በር ላይ ቆመው ያያሉ። ድንጋዩ ድንጋይ ነው። ወገቧን ይዤ አነሣኋትና ፊቴን ሳልመልስ «ይፍረስ» አልኩ።

የቀረው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በለጠ አንዴ ወደ ሐጂ ጆሮ፣ አንዴ ወደ እኔ ጆሮ እየተመላለሰ ዋጋውን ጨረሰው። እኔና ሐጂ አንድም ቁጥር በአፋችን ሳንጠራ፣ አንድም ጊዜ ሳንተፋፈር ተስማማን። ሲጨርስ ለእኔ «ዕድለኛ ነዎት»፣ ለሐጂም «ዕድለኛ ነዎት» አለ። ሦስት ከመቶውን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠሁት፤ እሱ ቁጠባ ነው።

በሚካኤል ዋዜማ ዓለም ከተማ ገባን፤ መበለቷም ቃላቸውን ጠበቁ። አሁን እዚያው ነን። ከተማው ለእኔ ይሞቀኛል፤ ዝንቡ ብዙ ነው፣ ደንበኛዬም ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀኔ ትርፍ አለው። አንድ ቀን ሳጥኑን ከፍቼ ያን የሠርግ ቀሚስ አወጣሁና ስፒሎቹን ነቅዬ ጠርዙን ሰፋሁት። አስካለ አገላብጣ አየችውና «ቸኩለህ ነው የሰፋኸው» አለችኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ረፋድ፣ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። ዱላም አልያዘች፣ የእኔን እጅም አልጠየቀች።

«ወዴት ነው?» አልኳት። «ገበያ?»

«አይደለም።»

«ቤተ ክርስቲያን?»

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ የት ነው?»

«የትም» አለች። «ዝም ብዬ ልሂድ።»

ሄደች። በር ላይ ቆሜ እስክትታጠፍ ድረስ አየኋት፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ወይኔ» አላለችም። ከታጠፈችም በኋላ ትንሽ ቆምኩ። ምሳውን የጣድኩት እኔ ነበርኩ፤ ሹሮው አረረ።